ተረቱ ከነመንደሩ ይጻፍ፦ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ ከየመንደሩ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ደግሞ ኦዲተራችን ስለሚያቀርቡ በእነሱ ጊዜ አልገባም። የተሰጠኝን ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ ላውለው። በጣና ዳርና በዙሪያው ገጠር የሚነገረውን ተረት፣ እንቆቅልሽና ቃል ግጥም ወደ መጽሐፍ ስናመጣ መንገድ ላይ ብዙ ነገር እየጣልን ነው።

ይህ አካባቢ ደራሲ አጥቶ አያውቅም። የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረውንና በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን «ልብ ወለድ ታሪክ» የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ዘጌ ነው። ጎጃሜው ሀዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው አስቀድሞ በ1948 «ተረት ተረት የመሠረት»ን አውጥተዋል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፤ ተረቱ ቀደመ፣ ልብ ወለዱ ተከተለ። በልብ ወለዱ ውስጥ ማንኩሳም ዲማም በስማቸው ይጠራሉ፤ አንባቢው ሰዎቹ የቆሙበትን መሬት ያውቀዋል።

የሐይቁ ገዳማት የዳጋ እስጢፋኖስ፣ የክብራንና የጣና ቂርቆስ ብራናም ቢያንስ ጠባቂ አለው። ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ሸምበቆ መሰል ተክል የሚያጭደው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ማማ ላይ ተቀምጦ ጦጣና ዝንጀሮ የሚጠብቀው ልጅ የሚያወሩት ግን ጠባቂ የለውም። ታትሞ የምናገኘውም አብዛኛውን ጊዜ «በአንድ አገር» ብሎ ይጀምርና ማን እንደተናገረው፣ የት እንደተነገረ ሳይገልጽ ያልቃል። ተራኪው «በአንድ አገር» ማለቱ ወጉ ነው። ሰብሳቢው የትኛው አገር እንደሆነ አለማወቁ ግን ጉድለት ነው።

ለምን ጉድለት እንደሆነ በታንኳ ላሳያችሁ። ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከውሃው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያልደረቀ እንደሆነ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ተራኪው «ታንኳውን ውሃ ላይ አሳደረው» ሲል የሐይቁ ዳር አድማጭ የሚመጣውን አውቆ መሳቅ ይጀምራል፤ ሰውየው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ሞኝ፣ ነገ መሐል ሐይቅ ላይ ጉድ ይፈላበታል። ድምፁን የሚገለብጠው የከተማ ልጅ ለአንባቢ ይቅለል ብሎ «ታንኳ»ን «ጀልባ» ቢያደርገው ነገሩ ይፈርሳል፤ የእንጨት ጀልባማ ውሃ ላይ ያድራል፣ ምንም አይሆንም። ነፋሱም እንደዚሁ ነው። ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። «ከምሳ በኋላ ተነሣ» የሚለው ቃል ለሐይቁ ሰው የመከራ መጀመሪያ ነው፤ ለሌላው ግን ተራ ዓረፍተ ነገር ስለሚመስለው አርታኢ ይሰርዘዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ስለገባ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የአሠራር ቃል ዛሬ በሽማግሌዎች አፍና በተረት ውስጥ ነው የቀረው። ከተረቱ ካወጣነው ሌላ ቦታ አናገኘውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። ከእያንዳንዱ ተረት ጋር አንድ ቅጽ ይሞላል፦ ተራኪው መጠራት የሚፈልግበት ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ ሥራ፣ መንደርና ቀበሌ፣ ተረቱ ለማንና መቼ እንደሚነገር፣ የተቀረጸበት ቀን፣ በመጨረሻም «ከማን ሰማኸው?» የሚል ጥያቄ። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ትልቁም እሱ ነው። ተረቱ ከአያት የመጣ ነው? ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው? ወይስ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲያወሩት ተሰምቶ ወደ መንደር የገባ ነው? ከቴሌቪዥን መጣ ብለን አንጥለውም፤ መንደሩ እንዴት አድርጎ የራሱ እንዳደረገው ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሳያውቁ «ጥንታዊ» ብሎ ማተም ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ፈቃድም በዚሁ ቅጽ ላይ ይያዝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዛማጅ መብት ከሚላቸው አንዱ የከዋኝ፣ ማለትም እንደ ተራኪው ያለ በድምፁ የሚያቀርብ ሰው መብት ነው። ተራኪው መፈረም ካልቻለ ፈቃዱን በድምፁ ይናገር፤ የቅጂው መጀመሪያ ላይ ይግባ።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል፤ ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ስልኩ ከተራኪው ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ፣ በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ጥሪ እንዳይገባ ተደርጎ ይቀመጥ። ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ መቅረጽ ለፎቶ ያምራል፤ ድምፁን ግን ነፋስ ይበላዋል፤ ቤት ግቡ። አንድ ደቂቃ ሞክሩና በማዳመጫ ስሙት። ቅጂው ሳይታመቅ በዌቭ ፋይል ይያዝ፤ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል የተቀረጸ አንድ ሰዓት 345 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የስልኩን ባዶ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ስትልኩ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትላኩ፤ ይታመቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል። እንደ ፋይል ይላክ፤ በዚያው ምሽትም ሁለተኛ ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ተራኪውን ብቻውን አታስቀምጡት። «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» የሚለው ሰው ከሌለ ያሳጥረዋል፤ ጭብጡን ነግሮ ይገላገላችኋል። እንቆቅልሽማ ያለ ሁለት ወገን አይሆንም። «እንቆቅልህ» ይላል አንዱ፣ «ምን አውቅልህ» ይላል ሌላው፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይመጣል። የተሰጠው አገር ስም ከነመልሱና ከነቀልዱ ይጻፍ። አንድ መንደር የትኛውን ከተማ ወይም ገበያ ትልቅ ስጦታ አድርጎ እንደሚቆጥር የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ እኛ ግን ጥያቄና መልሱን ብቻ አትመን ይህን ሁሉ ስንጥለው ኖረናል።

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ግልበጣው ላይ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ በትንሹ የስድስት ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ «በአንድ ምሽት ጨረስኩት» የሚል ካለ አሳጥሮታል ማለት ነው። የቃል ትረካ ራሱን እያያዘ ነው የሚሄድ፦ «ጅቡም መጣ። መጥቶ ቆመ። ቆሞ አየ። አይቶ፣ አይቶ፣ አይቶ… ‹ማነው?› አለ።» የትምህርት ቤት አማርኛ ለምዶት የሚገለብጥ ሰው «ጅቡ መጥቶ ካየ በኋላ ማን እንደሆነ ጠየቀ» ብሎ ያርመዋል። ሰዋስው አልተበላሸም፤ ፍርሃቱ ግን ጠፋ። ልጆቹን ትንፋሽ የሚያስይዘው ያ ሦስቴ የተደገመው «አይቶ» ነበር። ድግግሞሹ ይቆይ፤ «ሄደ ሄደ ሄደ»ም «ረጅም መንገድ ተጓዘ» አይሁን። የአድማጩ ጣልቃ ገብነት በቅንፍ ይግባ። ሥራው በሁለት እጅ ይሁን፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ጽሑፉን ይዞ ድምፁን ዳግም ያዳምጣል።

«እንደት» እና «አይዶለም» የሚል ተራኪ «እንዴት» እና «አይደለም» አላለም፤ እንዳለው ይጻፍ። የከበደ ቃል ካለ ፍችው በዚያው ገጽ ግርጌ ይሁን፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የታሰረ መዝገበ ቃላት ማንም አይገልጠውም። በሀ፣ ሐ እና ኀ ጉዳይ አንድ መመሪያ ይዘን እስከ መጨረሻው በእሱ እንሂድ። (ይህን ክርክር ዛሬ እንዳትከፍቱት አደራ፤ ምሳ ይቀዘቅዛል።) ጠብቆና ላልቶ መነበብ የሚለየውን ቃል ግን አትለፉት። «ዋና» ላልቶ ውሃ መዋኘት፣ ጠብቆ አለቃ ነው፤ በሐይቅ ዳር ቀልድ ውስጥ ሁለቱ ከተጋጠሙ የማጥበቂያ ነጥብ ከፊደሉ በላይ ይደረግ፤ ምልክቱ በዩኒኮድ ውስጥ አለ።

«ከዚህ ተረት የምንማረው» የምትለዋን መደምደሚያ ደግሞ እባካችሁ ተዉአት። ጦጣ ዋሽታ ካሸነፈች ዋሽታ አሸንፋለች። ተራኪው ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ጠይቆ ጨርሷል፤ እኛ ስብከት እንድንቀጥልበት አልጠየቀም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከምንሰበስበው ውስጥ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን፣ ነገደ ወይጦን የሚያንቋሽሽ ተረትና ምሳሌያዊ ንግግር አለ፤ «ቡዳ» የሚለው ቃል በየቦታው ብቅ ይላል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ባህል ነው ብሎ እንዳለ ለሕፃናት ማተም ነው። ሁለተኛው ማለዘብ ነው፤ ስድቡን አውጥቶ ቀሪውን ማተም ተረቱንም ታሪኩንም ያስዋሻል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሁሉም ይቀረጽ፣ ሁሉም በመዝገብ ይቀመጥ። ለሕዝብ በሚታተመው መጽሐፍ ግን ወይ ጨርሶ አይግባ፣ ወይ ማን ስለ ማን ለምን እንደሚለው ከሚያስረዳ መግቢያ ጋር ይግባ፤ በሕፃናት መጽሐፍ ቦታ የለውም። የተተረተባቸውም ይጠየቁ፤ እነሱም ስለ እኛ የሚሉት አላቸው፣ እሱም ይታተም። ነገደ ወይጦ የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው፣ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ ሕዝብ ናቸው። ስለ ደንገል፣ ስለ ታንኳና ስለ ዓሣ ሲያወሩ ያልለመዳችሁት ቃል ከመጣ ትርጉሙን ጠይቃችሁ አትለፉ፤ ቃሉን ራሱን ሦስት ጊዜ አስደግማችሁ ቅረጹ።

ሴቶች ያሉበትን ወገን ችላ ብለናል። ወፍጮ ቤት በየቦታው ሲገባ የእጅ ወፍጮው እንጉርጉሮ መሰማቱ ቀረ። አንዲትን እናት ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «ያንጎራጉሩልን» ብትሏቸው ዜማው አይመጣላቸውም፤ መጁን ይያዙ፣ እፍኝ እህል ይደረግ፣ ስልኩም ከድንጋዩ ራቅ ይበል። ለወንድ ሰብሳቢ የማይነገር አለ፤ ሴት የማትገባባቸው ገዳማትም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይኑሩት። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱት የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን መካከልም የጎንደርን መንደሮች በስም እየጠሩ የሚተርቱ አረጋውያን አሉ፤ እዚያ ያሉ አባሎቻችን ይኸው ቅጽ ይላክላቸው።

ስለ ኅትመቱ አጭር ልበል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ዲዛይነሩ ጋ ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ስለሚሆን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይተየብ። ከ«።» በፊት ክፍት ቦታ አትተዉ፤ አራት ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ላይ ይወድቃል። ማተሚያ ቤት ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ ፎርም ስለሚሠራ 160 ገጽ ልክ 10 ፎርም ይሆናል፤ 165 ብናደርገው ለአምስት ገጽ ተጨማሪ ፎርም እንከፍላለን። ፊደሉ ከ12 ነጥብ አይነስ። ጥራዙ በክር ይሰፋ፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቅጠሉ ይረግፋል። የመጽሐፉ መለያ ቁጥር የጀርባው ሽፋን ሳያልቅ ይጠየቅ።

ከማተሚያ ቤት በፊት ግን ረቂቁ መንደር ሄዶ ለተራኪው ጮክ ተብሎ ይነበብ። የቦታ ስም ስሕተት የሚገኘው እዚያ ነው። ሲታተምም የተራኪው ቅጂ ከምረቃው በፊት ይድረሰው፤ ማንበብ ለማይችል ድምፁ በሚሞሪ ካርድ ይሰጠው።

የሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ በሚመጣው ዓመት አንድ መጽሐፍ፣ 160 ገጽ፣ ከሐይቁ ዳር ብቻ፣ ከ40 የማይበልጡ ተረቶችና እንቆቅልሾች፣ እያንዳንዱ ከነመንደሩ። አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ሁለት ሰው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ አናስቸግረውም። ጥር ላይ እንውጣ፤ ሠርግም ስላለ ዘፈኑ ይገኛል። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ዝፈኑልን ማለት ስለማይሆን የቀረጻው ሥራ ከቅበላ በፊት ይለቅ። ግልበጣው ለጾሙ ይቆይ።

ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ እረፍት በኋላ ነው። የቅጹ ረቂቅ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ለሁለት ሰው አንድ እየወሰዳችሁ የሚቀነስና የሚጨመር ካለ ጻፉበትና ከምሳ በፊት ለጸሐፊያችን መልሱ። አሁን መድረኩን ለሪፖርቱ እለቃለሁ።