ኮከቡ መቼ ይከፈለው?

አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ?

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከባቲ የመጣችሁ፣ እናንተም የደሴ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ገንዘብ ነው። ፊልም ሠሪዎች ስንገናኝ ስለ ካሜራና ስለ ስክሪፕት እንጫወታለን፤ ገንዘቡን ግን አፍረን እንተወዋለን። ፊልሞቻችንን እየጣለ ያለው ግን እሱ ነው።

አንድ በጀት አብረን እንይ። ፕሮዲውሰሩ 2 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። ስሙ የታወቀ ተዋናይ 800 ሺህ ጠየቀው። ፖስተሩ ላይ ያ ፊት ከሌለ ስፖንሰር አያናግረውምና እሺ ይላል። ቀረጻው ደሴ ከሆነ ሆቴልና አበል ይጨመርበታል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከምን ይቀነሳል? ስክሪፕቱ ሳይታረም ወደ ቀረጻ ይገባል። የ30 ቀን ቀረጻ በ15 ቀን ይጠናቀቃል። የድምፅ ባለሙያ ይቀርና ማይክ መያዝ የሚችል ሰው ይፈለጋል። አጃቢ ተዋናዮች በትራንስፖርት ብቻ ይሠራሉ። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ ፊልም፣ መብራት የያዘው ልጅ «ፊልሙ ሲወጣ ይከፈልሃል» ተብሎ ነበር። ፊልሙ ወጣ፣ ወረደ፤ ልጁ ግን ምንም አላገኘም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተዋናዩን መውቀሴ አይደለም። ተመልካች የሚያመጣ ሰው ዋጋው ሊታወቅለት ይገባል። ዛሬ የሚፈለግ ፊት ነገ ሊረሳ ይችላል፤ ቢሰስት አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ክፍያው የሚወጣበት ጊዜ ነው። አንድ ትኬት ሳይቆረጥ ሙሉውን ከወሰደ፣ ፊልሙ ሲከስር ጉዳቱ ሁሉ ሌላው ላይ ይወድቃል።

ክፍያን በክልከላ መቀነስ አይሠራም። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የፊልም ነጋዴዎች «ክፍያ አበዙ» ብለው ታዋቂ ተዋናዮችን አገዱ። እገዳው አልዘለቀም፤ ኮከቦቹ ተመልሰው ሠሩ። ተመልካቹ የሚፈልገው እነሱን ነዋ!

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ለወጣ አንድ ፊልም ታዋቂው ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርት የሚጠይቀውን ደሞዝ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ መክፈል ከበደው። ወኪሉ «ደሞዙ ይቅር፣ ከትርፉ ይካፈል» አለ። ፊልሙ ተሳካ፣ ስቱዋርትም ከደሞዙ በላይ አገኘ። ስቱዲዮውም ቀድሞ ከካዝናው ብዙ አላወጣም።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገባ። ሐሳቡን ያመነጨው ጸሐፊ አርት ቡኽዋልድ ከተጣራ ትርፍ፣ ማለትም ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ከሚቀረው፣ እንዲካፈል ተዋውሎ ነበር። ድርሻውን ሲጠይቅ የፊልሙ ስቱዲዮ ፓራማውንት «የተጣራ ትርፍ የለም» አለው። በሒሳቡ ላይ ወጪ ተቆልሎበት ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛውም አሠራሩ ፍትሐዊ አይደለም አሉ። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ኤዲ መርፊ ግን ወጪ ሳይቀነስ ከጠቅላላ ገቢው ነበር የሚካፈለው፤ ስለዚህ አልተነካም።

ወሎ ውስጥ መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው ይህን አይስተውም። ዘሩ ተነስቶ ነው ወይስ ሳይነሳ የምንካፈለው ብሎ መሬቱ ከመታረሱ በፊት ይነጋገራል። እኛ ግን «ትርፉን እንካፈላለን» ብለን እጅ እንጨባበጣለን። ትርፍ ምን እንደሆነ ማንም አይጽፈውም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለመሪ ተዋናዩ መጠነኛ ቅድሚያ ይከፈለው። ቀሪው በድርሻ ይሁን፤ ድርሻውም ሲኒማ ቤቱ የራሱን ወስዶ ፕሮዲውሰሩ እጅ ከሚገባው ብር ላይ ይታሰብ። ከዩቲዩብና ከቴሌቪዥን የሚመጣውም እዚያው ውል ውስጥ ይግባ።

ተዋናዮች ግን ይህን እንቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም። ስንቱ ፕሮዲውሰር ነው የተሸጠውን ትኬት ደብቆ «ከሰርኩ» ያለው? ሰው ሒሳቡን ካላየ ጥሬ ገንዘቡን ቀድሞ ይጠይቃል፤ ልክም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታረም ያለበት የፕሮዲውሰሩ ደብተር ነው። በየሳምንቱ ስንት ትኬት እንደተሸጠ ተዋናዩም፣ ዳይሬክተሩም፣ ካሜራማኑም ይየው። ይህ ከሆነ ብቻ ነው «አብረን እንጠብቅ» ማለት የሚቻለው።

ሌላም አለ። አምባሰልንና ባቲን ለአገር ቅኝት ያበረከተ ምድር ፊት አያጣም። የአዲስ አበባን ኮከብ ለአንድ ሚና ስናመጣ፣ ለሌሎቹ ሚናዎች እዚሁ ያሉ ልጆችን እንፈትን። አዲስ ፊት የሚወጣው ደግሞ ስክሪፕቱ ሲደክምበትና ልምምድ ሲኖር ነው፤ የኮከብ ክፍያ የሚያስቀንሰውም ይህንኑ ነው።

የሚቀጥለውን ቀረጻ የምትጀምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለኮከቡ ቅድሚያ በምትከፍሉበት ቀን የመብራቱን፣ የድምፁንና የሜካፑን ሠራተኛም ቅድሚያ ክፈሉ። ለሁሉም ካልበቃ፣ ቀረጻውን ጀምሩ አልላችሁም።

አመሰግናለሁ።