«በዓይኔ አይቼዋለሁ»

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ የእድር ዳኞች፣ የፖሊስ አባላትና የሕግ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ታላላቆቻችን ስለ ሌባሻይ ሲወራ ሰምተዋል። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል። ልጁ ይሰክራል። ወገቡ ላይ በታሰረው ጨርቅ እየተያዘ ከቤት ቤት ይንከራተታል። በመጨረሻ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ክፈል ይባላል። ዛሬ ስንሰማው ይዘገንነናል። ያን ጊዜ ግን ሰዉ ከልቡ ያምን ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ማመን ነው።

ለዓመታት በጥብቅና ሠርቻለሁ። የሐሰት ምስክር አጋጥሞኛል። እሱ ብዙ ጊዜ በመስቀለኛ ጥያቄ ቃሉ ይምታታበታል። የሚከብደኝ እውነተኛው ሰው ነው። ምሎ፣ እንባው እየመጣ «በዓይኔ አይቼዋለሁ» የሚለው። ሰውየው አልዋሸም። ተሳስቷል።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ አንዲት ተማሪ ሌሊት ቤቷ ሰው ገብቶ ደፈራት። ብርቱ ልጅ ነበረች። ከተረፍኩ አሳስረዋለሁ ብላ ፊቱን ሆን ብላ አጠናችው። ፖሊስ ፎቶዎች ሲያሳያት ሮናልድ ኮተን የሚባል ወጣት መረጠች። በኋላ ሰዎች ተሰልፈው ሲቀርቡላትም እሱኑ መረጠች። በፎቶው የመረጥሽው ሰው ነው ሲሏት ጥርጣሬዋ ጠፋ። ክርክሩ በድጋሚ ሲታይ እውነተኛው ጥፋተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። አየችው። አላውቀውም አለች። ኮተን ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ፣ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ ወጣ።

ቀድሞ ያየችውን ፊት በኋላ ያየችው ፎቶ ሸፈነው። ይህ በማናችንም ላይ ይደርሳል።

የእምነት ቃልም ያሳስታል። ጃፓናዊው ኢዋኦ ሃካማዳ ለብዙ ቀናት ተመርምሮ ገደልኩ አለ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ካደ፣ ግን አልሰሙትም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሞት ተፈረደበት። ነፃ የተባለው በ2024 ነው፣ በ88 ዓመቱ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። ይህ ለጅማ ትልቅ ነገር ነው። ቡና ለቀማ ሲደርስ ከየአገሩ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ፍርድ ቤታችን የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከዳውሮ የመጣ ልጅ መርማሪ ፊት ቆሞ፣ ግራ ገብቶት «እሺ» ቢል ምን ማለቱ ነው? ጥያቄው ገብቶታል ወይ? እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ገንዘብ ተሰረቀ እንበል። «ሌባ!» ሲባል የሮጠው ይያዛል። ከዚያ ምስክሩ ጣቢያ ይጠራና በካቴና የታሰረ ልጅ እያሳዩ «ይኼ ነው?» ይሉታል። ካቴና ያየ ሰው አይደለም ለማለት ይቸገራል!

ፖሊሶች፣ እናንተን የምለምነው እዚህ ላይ ነው። ምስክሩ ማንንም ሳያይ፣ ያስታወሰውን በራሱ አፍ ይናገር። ቁመቱን፣ ልብሱን፣ ስንት እርምጃ ርቆ እንዳየው ጻፉ። ከዚያ ተጠርጣሪውን ከሚመስሉት ሰዎች ጋር አሰልፉ። የሚያሰልፈው ባልደረባችሁ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል፣ ዓይኑ ይናገራልና። ለምስክሩም «ሰውየው እዚህ ላይኖርም ይችላል» በሉት። ብር አይጠይቅም።

የእድር ዳኞች፣ እናንተም ዳኛ ትባላላችሁ። አንድ ደንበኛዬ በይግባኝ ነፃ ተብሎ ቤቱ ሲገባ፣ መዋጮ አቋርጠሃል ተብሎ ከእድሩ መዝገብ ተሰርዞ ጠበቀው። እሱ እስር ቤት ሳለ እናቱ ሞታለች። ድንኳን አልተተከለላትም። ጎረቤት «ዝም ብሎ አይታሰርም» ብሎ ቀርቷል። ያን ቀን ምን እንደምለው ጠፍቶኝ አብሬው ተቀመጥኩ።

አባል ሲታሰርባችሁ ይግባኙ እስኪያልቅ ስሙን አትሰርዙት። ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑን ትከሉለት፣ ቤተሰቡን ቡና አፍሉላቸው። የቀረበትን መዋጮ ሲወጣ ይከፍላል።

አመሰግናለሁ።