ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደዚህ አሜሪካ ለመጣ ዘመዴ ቤት እያፈላለግን ነው። ኪራዩ ቀለል ያለ አንድ አፓርታማ ተገኘ። የሰፈሩ ስም ገና ሲጠራ ቡና ላይ የነበረው ሰው ሁሉ «እዚያማ እንዳትገባ!» አለ። ለምን እንደሆነ ግን የሚያስረዳ አልነበረም።

አሜሪካኖች ለዚህ የቆየ አባባል አላቸው፤ «ሮንግ ሳይድ ኦፍ ዘ ትራክስ»። ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣ ድሃው የሚኖርበት በኩል ማለታቸው ነው። ብዙ ከተሞቻቸው ሐዲድ ተከትለው የተቆረቆሩ ናቸው። በአንድ በኩል ሱቁና ደህና ደህናው ቤት፤ በሌላው መጋዘኑ፣ ፋብሪካው፣ ጭሱ። «ከዚያ ማዶ ናት» ከተባለ በቃ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ተፈርዶባታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ድንበሩ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ መሰመሩ ነው። ዲትሮይትን እንይ። በፈረንጆቹ 1941፣ «8 ማይል» በሚባለው መንገድ አጠገብ፣ አንድ ባለሀብት ለነጮች ቤት ሊሠራ ተነሣ። ቦታው ከጥቁሮች ሰፈር ጋር ይዋሰናል ተብሎ የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ለብድሩ ዋስ አልሆንም አለ። ሰውየው በሁለቱ መሃል 800 ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ግንብ ገተረ። ዋስትናው ተፈቀደለት! ግንቡ ቁመቱ ከሰው አይበልጥም። ሌባ አያግድም። የቆመው ለብድሩ ሲባል ብቻ ነው። ከወዲህ ያለው በዚያ ብድር ቤት ገዛ፤ ቤቱ ዋጋ ጨመረ፤ ለልጁ አወረሰ። ከወዲያ ላለው ያ በር ዝግ ነበር። ግንቡ ዛሬም አለ፤ መጫወቻ ሜዳው ጋ ያለውን ክፍል ሥዕል አልብሰውታል።

የቤት አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው በ1968 ነው፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት መምጣት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ሞተው ባስከፈቱት በር ገባን። ገብተን ስናበቃ «እዚያ ሰፈር» እያልን የምንጸየፈው እነሱኑ ነው። ይህ ያመኛል፤ እውነቴን ነው።

ወንጀል የለም አልልም። ከሌሊት ፈረቃ የሚገባ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ግን ሄደን እንይ፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ እዚያው የሚኖሩትን እንጠይቅ።

እናንተ ያላችሁበት ከተማ መስመሩ የት ጋ ነው? የቆዩ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁልኝ፤ ማን እንዳሰመረው የሚያውቅ አይጠፋም። የሰማችሁትን በድምፅ ላኩልኝና በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።