ቡሎን የሚጠብቀው ጎማ መሬት ሲረግጥ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው «ጋሼ፣ የዘንድሮውን የአውቶክሮስ ውድድር የመዝጊያ ንግግር እርስዎ ያድርጉልን፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቀጥለው «ስለ ሱስፔንሽን አፕግሬድ ቢሆን ደስ ይለናል» አሉኝ። ሱስፔንሽን የመኪናዋ እግር ነው፤ አካሏን ከጎማዋ ጋር የሚያያይዘው ሞላ፣ ሾክና ክንድ ሁሉ። አፕግሬድ ደግሞ በተሻለ መቀየር ነው። እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ስለ ሱስፔንሽን በአሥር ደቂቃ የምጨርስ ሰው አይደለሁም። እራቱ ከቀዘቀዘ ጠያቂዎቹን ጠይቁ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች አላችሁ። በተለይ እሁድ እሁድ ባሎቻችሁ የት እንደሚጠፉ ለማጣራት የመጣችሁ። ባጭሩ ልንገራችሁ። አውቶክሮስ ማለት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብርቱካንማ ኮን ተደርድሮ፣ አንድ በአንድ እየተገባ በሰዓት የሚለካ ውድድር ነው። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ኮን የገጨ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ከሁለተኛ ማርሽ ብዙም አይታለፍም። ጎን ለጎን የሚሽቀዳደም የለም። ስለዚህ አትስጉ፤ የሚጎዳው ኪሳችን ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ ለዚህ ስፖርት የመረጥነው የማይመቸውን ነው። ብልህ ሰው ማዝዳ ሚያታ የምትባለውን ስፖርት መኪና ይገዛል። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ እንደ ድመት ትታጠፋለች። እኛ ማስታንግና ካማሮ፣ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖችን፣ ይዘን እንመጣለን። ከፊት ከባድ ቪ 8 ሞተር፣ አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ ዝርግ ብረት ሞላ። ኤስሲሲኤ፣ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ካም የሚባል ምድብ ከፍቶልናል፤ ክላሲክ አሜሪካን ማስል ማለት ነው። እግዜር ይስጠው። ባይኖር ኖሮ ዘመናችንን ሙሉ በሚያታ ስንቀደም እንኖር ነበር። አሁንም እንቀደማለን፣ ግን በሌላ ምድብ ነው።

ባሌስትራ ስል አንዳንድ ወጣቶች ስትስቁ አየሁ። ሳቁ። እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሊፍት በሌለው ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪና ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ፎሳ ገብቼ ነው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ይሄ ሁሉ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ቨርጂኒያ የመጣሁ ሰሞን አንድ የመለዋወጫ መደብር ገባሁና «ባሌስትራ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ትንሽ አሰበና ቀጥሎ ያለውን የጣልያን ምግብ ቤት ጠቆመኝ።

ወደ ቁም ነገሬ ልግባ።

አብዛኞቻችሁ መኪናዬን ታውቋታላችሁ። የ1966 ማስታንግ፣ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር። ከፋብሪካ ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዛሬ ስንት እንደቀራት አልጠይቃትም። ከጥቂት ዓመት በፊት የፊት እግሯን በሙሉ ለማደስ ቆረጥኩ። አዲስ ሎወር አርም፣ ማለትም የታችኛው ክንድ፣ አዲስ ሞላ፣ ንዝረት የሚያበርድ አዲስ ሾክ፣ ከኋላም አዲስ ባሌስትራ ገዛሁ። ያን ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ፣ ወገቤንም እያመመኝ ስለነበር ራሴ አልሠራሁትም። ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ወለሉ ላይ እንጀራ ቢጋገር የሚበላ፣ ንጹህ ጋራዥ ነው። ለእጅ ብቻ 1,400 ዶላር ከፈልኩ።

መኪናዋን ተረክቤ ወጣሁ። ገና ከግቢው ሳልርቅ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ፊቷ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ተመልሼ ጠየቅኩ። «አዲስ ሞላ ነው፣ ይለምዳል» አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። እኔ! ፎሳ ውስጥ ያደግሁት ሰውዬ እሺ ብዬ ሄድኩ።

እሁድ ሜዳ ገባን። በኮኖቹ መሀል ግራ ቀኝ በሚታጠፍበት ስላሎም ላይ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ትንሽ ትጠብቅና ታጎነብሳለች። ወደ ቀኝ ስመልስ ደግሞ ቶሎ ትወረወራለች። ግራና ቀኟ የተለያዩ ሁለት መኪኖች ሆኑብኝ። በዚያ ቀን አምስት ኮን መታሁ። አምስት! ከእናንተ መካከል ፎቶ ያነሣ ሰው ነበር፤ ይታወቃል።

በሦስተኛው ወር ከፊት «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ጀመረ። ያኔ ወገቤም ተሽሎኝ ነበር። ክሪክ አስገብቼ፣ ስታንድ ላይ አቁሜ፣ ባትሪ ይዤ ሥር ገባሁ። የሎወር አርሙን ቡሽ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ባለ ጎማ ቀለበት፣ አየሁት። ጎማው ከብረቱ ለቋል። ዙሪያውን እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ተሰነጣጥቋል። ጥፍሬን ሳስገባበት ገባ። የሦስት ወር ዕቃ ነው። ባሌስትራው ጫፍ ላይ ባለው ዓይን፣ ማለትም ቀለበት፣ ውስጥ ያለውም ያው ሆኖ አገኘሁት።

ለምን? እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

የጎማ ቡሽ ውስጡ የብረት ቱቦ ነው። ውጩም ብረት ነው። መሀሉ ላይ ያለው ጎማ አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል እንጂ። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ነክሶ ይይዘዋል። ያ የተያዘበት ቦታ ለጎማው ማረፊያው ይሆናል። መኪናዋ ሊፍት ላይ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት ማረፊያው እዚያ ታች ነው። ስትወርድ የቡሹ ጎማ ተጠማዞ ይቀራል። ቆማ ተጠማዟል፣ ስትሄድ ይበልጥ ይጠመዘዛል። አንገቱን ወደ ጎን አዙረው ዓመት ሙሉ እንዲኖር የፈረዱበትን ሰው አስቡ። ያልተጠየቀ ሞላ ሆኖ መኪናዋን ወደ ላይ ይገፋል። በመጨረሻም ይቀደዳል።

መድኃኒቱ ምን ያህል ይፈጃል? ምንም። ቡሎኑን በእጅ አስገብቶ ላላ አድርጎ መተው። መኪናዋን ማውረድ። ገፋ ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ። ክብደቷ በጎማዋ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ማጥበቅ። አለቀ። አሥር ደቂቃ።

ይሄንን እኔ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። አለቃዬ የላንድሮቨር ባሌስትራ ሲቀይሩ ቡሎኑን በጭራሽ ፎሳው ላይ አያጠብቁም ነበር። መጀመሪያ ይወርዳል። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ያለነውን ልጆች ይጠሩና «ግቡ!» ይሉናል። አራት አምስት ሆነን ኋላ ላይ እንቀመጣለን። እሳቸው ከሥር ተኝተው ያጠብቃሉ። እኛ የሽርሽር ጊዜ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያስቀምጡን?» አልኳቸው። «መኪናው ሥራ ላይ እንዳለ መስሎት ይጥበቅ» አሉኝ። ትምህርት ቤት አልገቡም። ማኑዋል አላነበቡም። 1,400 ዶላርም አላስከፈሉም።

አሁን የተናደድኩበትን ልናገር። ባለፈው ክረምት ከእናንተ የአሥራ አንዱን መኪና ሥር ገብቼ አይቻለሁ። ስምንቱ ላይ ሞላና ሾክ በአንድ የሆነ ኮይሎቨር፣ ሰፊ ጎማ፣ መኪናዋ እንዳትጋደል የሚይዝ ቀይ ቀለም የተቀባ ወፍራም ስዌይ ባር ተገጥሟል። ከስምንቱ አምስቱ ላይ ቦል ጆይንቱ፣ ክንዱን ከጎማው በኩል የሚያያይዘው የኳስ መገጣጠሚያ፣ ይንቀጫቀጫል! በ3,000 ዶላር ኮይሎቨር ሥር የ40 ዶላር ቦል ጆይንት አልቆ ተንጠልጥሏል! ምኑን ነው አፕግሬድ ያደረጋችሁት? ፎቶውን? ሰፊ ጎማ መሬት ይዞ ሲቀር ጉልበቱ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደ ቡሹ፣ ወደ ቦል ጆይንቱ፣ ሾኩ ወደሚታሰርበት የአካሏ ክፍል፣ ወደ ሾክ ታወሩ ነው የሚሄደው። አሮጌ ማስታንግ ሾክ ታወሩ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ያረጀውን ሳታድሱ አዲስ የምትገዙ ሰዎች፣ ቤቱ እያፈሰሰ መጋረጃ የምትቀይሩ ሰዎች ናችሁ። ቅር የሚለው ይበለው። ከንግግሩ በኋላ ውጪ እንነጋገር።

ጭብጨባው ከየት ጠረጴዛ እንደመጣ አይቻለሁ። ሚስቶቻችን ናቸው።

ርካሽ ነገር አይሠራም የሚል ካለ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገረው። ክላውስ አርኒንግ የሚባል የፎርድ መሐንዲስ ነበር። የማስታንግን የፊት እግር ሲያጠና አፐር አርሙ፣ የላይኛው ክንድ፣ የተሰቀለበት ቦታ ዝቅ ቢል መኪናዋ ስታዘነብል ጎማው ይበልጥ ቀጥ ብሎ መሬት እንደሚይዝ አየ። የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ ከማስታንግ በሠራው በ1965ቱ ጂቲ 350 ላይ ይሄንኑ አደረገ። አርሙን 1 ኢንች ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። የ1966ቱ ሞዴል እየተመረተ ሳለ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ቀረ። እኛ ግን ማን ይከለክለናል? በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ቀዳዳ ነው። መብሻው ትራፓኖና ስለታም ፑንታ፣ ማለትም የመብሻው ጫፍ፣ ይበቃል። እኔ አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሠራሁት። ለፑንታ 18 ዶላር አወጣሁ። በሚቀጥለው ውድድር የፊት ጎማዬ ጠርዙ መበላቱን ቀነሰ፤ ሰዓቴም ከአንድ ሰከንድ በላይ ወረደ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሞላውን ስታወጡ በደንብ በሚይዝ መጭመቂያ ይሁን። ያ ሞላ ካመለጠ ቀልድ አያውቅም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ አስተናጋጆቹ እያዩኝ ነው።

አላይመንት፣ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል። የፋብሪካው ቁጥር የወጣው ለዚያን ዘመን ጎማ ነው፤ ለዛሬው ራዲያል አይሆንም። እኔ ካምበር፣ የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል፣ ነጌቲቭ አንድ ተኩል፤ ካስተር፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ፖዘቲቭ ሦስት ዲግሪ ግድም፤ ቶው፣ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ መዞር፣ ወደ ዜሮ አድርጌ እነዳለሁ። ስታስለኩ የራሳችሁን ክብደት ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጡ። እኔ ሰባት ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት አስቀምጣለሁ። ባለሙያው መጀመሪያ ሲያይ ደንግጦ ነበር። አሁን «ጤፉን አመጣህ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

በጎማ ፈንታ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ፖሊዩሬቴን ቡሽ ያደረጋችሁ፣ የእናንተ ሌላ ነው። እሱ ስለሚሽከረከር ግራሶ ይፈልጋል። ካላጠጣችሁት እንደ አሮጌ አልጋ ይጮሃል። የማን መኪና እንደሚጮህ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የጎማ ንፋስ። ጠመኔ ያዙ። ከመግባታችሁ በፊት መሬት ከሚነካው የጎማው ክፍል ጀምራችሁ፣ ትከሻውን አልፋችሁ እስከ ጎኑ አስምሩበት። ስትወጡ ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ከጠፋ ንፋሱ አንሷል። ትከሻው ላይ ሳይነካ ከቀረ በዝቷል። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ሾክ ላይ ዘይት ካያችሁ ጠርጋችሁ አትለፉት፤ አልቋል ማለት ነው። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ እንደገና ይጠብቃል። ያጠበቃችሁትን ዳዶ ሁሉ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከተሰበረ ዞሯል። በዓይን ይታያል።

ክረምቱ ረጅም ነው፤ በረዶው ሲጀምር ሁላችሁም ቤት ተቀምጣችሁ ዕቃ ማዘዝ ትጀምራላችሁ። ከማዘዛችሁ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ኑ። ጋራዤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ቡና አለ። ክሪክ አለ፣ ስታንድ አለ፣ ጤፉም አለ። ሥር ገብተን እናያለን፤ አልቆ የተገኘውን እንጽፋለን፤ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው።

ቶርክ ቁልፉ ግን የለም። ባለፈው መስከረም «ላንድ ቀን» ብሎ የወሰደው ሰው አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። ሳጥኑ ሰማያዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ የልጄ ስቲከር አለ። እስከ ቅዳሜ ይመልስልኝ።

አመሰግናለሁ። እራቱ ቀርቧል።