ይቺማ መኪና ተሳፍራለች

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም እኔና ማይኩ ብቻችንን ነን። ደሴ እንደ ልማዷ ጭጋግ ለብሳለች። ዶሮ ከጮኸ ይቅርታ፣ የጎረቤት ነው።

ዛሬ ልናዘዝ ነው የመጣሁት። ስለ ቲማቲም።

ሰፈራችን ውስጥ ጓሮ ያለን ሰዎች በዓመት አንዴ፣ በጥር፣ እንሰበሰባለን። «የቲማቲም ቡና» እንለዋለን። ሁሉም ደጁ ያበቀለውን ይዞ ይመጣል። ሰፌድ ላይ ይደረደራል፣ ይቆረጣል፣ በጨው ብቻ ይቀመሳል። ከዚያ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው ይመጣና ፍትፍት ይሆናል። እዚህ ወሎ ለሥጋ ሲሆን ሁለት ድስት ይጣዳል፤ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ። ቲማቲም ይህን ጣጣ አያውቅም። አንድ ትሪ ይበቃል።

ታዲያ ደሴ ላይ ቲማቲም ማብቀል ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቲማቲም ደግሞ ሙቀት ነው የሚወደው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ፤ ቲማቲሙም እዚያ ደስ ብሎት ያፈራል። እኛ ጋ ግን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ማታ ማታ ጆንያ ለብሶ ነው የሚያድገው። እንደ አራስ።

እኔ ምን አደረግሁ? ችግኙን ድንቹ አጠገብ ተከልኩት። በመስከረም ዝናቡ አልወጣ አለ። አንድ ጠዋት ስነሳ ድንቹም ቲማቲሙም የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሏል። ጎረቤቴ አየት አድርጎ «ምች መታው» አለኝ። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታውም ብርድና እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱንም አይምርም። በሳምንት አለቀ።

ቀኑ ደረሰ። ባዶ እጅ መሄድ አፈርኩ። ገበያ ወጥቼ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ግዙፍ ግዙፉን ሳይሆን ጠማማ ጠማማውን መረጥኩ፣ የጓሮ እንዲመስል። እመኑኝ፣ ትንሽ አፈር ሁሉ ቀባሁት!

አቦሉ ሳይወርድ የቤቱ እማማ አንዷን አንስተው ቆረጡ። መሐሏ ነጭ ነው። ጨው ነካ አድርገው ቀመሱና፣ «ይቺማ መኪና ተሳፍራለች» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልክ ናቸው እኮ። ለሩቅ ገበያ የሚሄድ ቲማቲም ሳይበስል፣ ጠንከር እንዳለ ነው የሚለቀመው። አለዚያ መንገድ ላይ ይፈርጣል። መኪና ላይ ይቀላል፤ ግን መቅላትና መጣፈጥ ለየቅል ነው። ስኳሩን የሚያመጣለት ቅጠሉ ነው፤ ከግንዱ ከተለየ ማን ያመጣለታል? ነጋዴው ላይ አልፈርድም፣ እሱም የፈረጠ አይሸጥም።

እማማ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ከራሳቸው ቲማቲም ፍሬውን በጣታቸው ጨልፈው ስኒ ውስጥ ከተቱልኝ። «ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጠው። ልጋጉ ሲለቅ አጥበህ አድርቀው» አሉ። እሳቸው በየዓመቱ የሚተክሉት ይህንኑ ነው። ቲማቲም ባብዛኛው በገዛ አበባው ብናኝ ስለሚያፈራ፣ ድቅል ዘር ካልሆነ በቀር ልጁ እናቱን ይመስላል።

ስኒውን በመዳፌ ከድኜ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። እስካሁን አልመለስኩትም። ዘሩ ግን ደርቆ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ድንቹን የት እንደምወስደው ነው እንጂ ገና ያልወሰንኩት።