የሽማግሌ ቀጠሮና 72 ሰዓት

(ለድሬዳዋ የእድርና እንደ እድር ላለው መረዳጃ፣ ለአፎሻ፣ መሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ የአፎሻ መሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እናንተን የጠራናችሁ ሐኪምና ፖሊስ ጠፍቶ አይደለም። አንዲት ልጅ ስትደፈር ወሬው ጣቢያ ከመድረሱ በፊት እናንተ ቤት ስለሚደርስ ነው። እናንተም በለመድነው ወግ "ነገሩ ይብረድ፣ እሑድ ማታ እንቀመጥ" ትላላችሁ። ድርጊቱ ሐሙስ ማታ ተፈጽሞ ከሆነ እሑድ ማታ 72 ሰዓት ሞላው።

ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያቅለሸልሻታል፣ ወይም ከቤተሰብ ተደብቃ የምትውጥበት ቦታ ታጣለች፤ በሳምንቱ ትተወዋለች። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥላትና ሰዓቱን የሚያስታውሳት አንድ ጎረቤት ይህን ይፈታዋል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ፣ በፋርማሲ "ፖስት ፒል" እየተባለ የሚሸጠው፣ እስከ 120 ሰዓት ይወሰዳል፤ ግን ባደረ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ ሊጠብቅ አይገባም። "መጀመሪያ ጣቢያ ሂጂ" ብሎ የሚመልሳት ካለ፣ አብሯት የሄደው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይከራከርላት።

ስለ ማስረጃ ትንሽ ልቆይ። እናት ልጇን እንዲያ ሆና ስታገኛት የመጀመሪያ ሥራዋ ገላዋን ማጠብ፣ ልብሷን በኦሞ መዘፍዘፍ ነው። ከአንጀት የመጣ ነው፤ ማስረጃው ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ልጅቷ እስክትመረመር ባትታጠብ፣ ልብሷንም ባትቀይር ይመረጣል። ቀይራ ከሆነ የወለቀው ልብስ ፌስታል ውስጥ አይግባ። በእኛ ሙቀት ፌስታል ያልበዋል፣ ልብሱ ይሻግታል፣ ላዩ ላይ ያለውም ይበሰብሳል። እርጥብ ከሆነ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ሲደርቅ እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው በካኪ ከረጢት ይግባ። ይቺ በእጄ የያዝኳት ናት፣ ሌላ ምስጢር የላትም። ታጥባ ብትመጣም ግን "አለቀ" አትበሉ፤ ሕክምናው አለ፣ ቃሏም ማስረጃ ነው። ስትነግራችሁ "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በሏት። "በዚያ ሰዓት ምን ልታደርጊ ወጣሽ?" ማለት አፏን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛ አትናገርም።

ሽምግልናን የምንንቅ አይደለንም፤ ይህ ከተማ ስንቱን ጠብ ያበረደው በእሱ ነው። መደፈር ግን የእርቅ ጉዳይ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25። ቤተሰብ ካሣ ተቀብሎ "ይቅር ብለናል" ቢል ክሱ አይቆምም። "ያግባትና ይለቅ" የሚለውም የ1949ኙ ሕግ ቅሪት ነው፤ ያኔ ጋብቻው ከክስ ያድን ነበር፣ አሁን አያድንም። አርግዛ ከሆነ አንቀጽ 551 ጽንሱን በጤና ተቋም እንድታቋርጥ ይፈቅድላታል፤ ለዚያም ቃሏ ይበቃል። ሕጉ ሙሉ ነው አንልም። አንቀጽ 620 "ከጋብቻ ውጭ" ስለሚል ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም፤ ይህን ክፍተት ማንም ደፍሮ "ልክ ነው" ሊለን አይገባም።

ወደ ሥሩ እንሂድ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ። ይህን ይዞ ሴቶችን የሚወቅስ ነገሩ አልገባውም። የወር ኪራይ የምትከፍልበት ገንዘብ የሌላት፣ እናቷም "ቻይው" ብላ የመለሰቻት ሴት፣ ዱላውን "ልክ ነው" ካላለች እንዴት እዚያው ቤት ታድራለች? ስለዚህ ምክር ብቻ አይበቃም። እድራችሁ ለቀብር እንደሚያወጣው ሁሉ ለባጃጅና ለአንድ ወር ኪራይ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይለይ። ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ የሚሳቅበትን የድብደባ ጨዋታም የሚያስቆመው ከእናንተ አንዱ እንጂ ከእኛ ስብሰባ የሚሄድ ሰው አይደለም።

አንዲት ደግሞ በማንም መዝገብ የሌለች አለች፤ ከገጠር በደላላ መጥታ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ። እድር የላትም፣ አፎሻ የላትም፤ የምትተኛበትን ክፍል ቁልፍ የያዘው አሠሪዋ ነው። ሠራተኛ ያለው አባል ሁሉ ስሟን፣ የቤተሰቧን ቀበሌና ስልክ ያስመዝግብ። በወር አንድ ጊዜ ከሴት አባላት አንዷ፣ ከአሠሪዎቿ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ፣ ታነጋግራት።

ካኪዎቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ለአንድ እድር 5፣ 5 ውሰዱ፤ ለቅሶ ሲኖር ከምትጠቀሙበት ድንኳን ጋር ሳይሆን ሌሊትም በሩ በሚከፈት ሰው ቤት ይቀመጡ።