ዶርም ወይስ ከግቢ ውጭ? ከመፈረማችሁ በፊት

ውድ ተማሪዎች፣ አብራችሁ የመጣችሁ ወላጆችም፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

መኖሪያ በሚመረጥበት በዚህ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «የቱ ይረክሳል?» ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ የሚፈለገው የአንዱን የወር ክፍያ ከሌላው የወር ክፍያ ጋር በማስተያየት ብቻ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁ አልጋ ከትምህርታችሁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የግል አከራይ የሚያስፈርማችሁ ውል ግን ተማራችሁም አልተማራችሁም ይቀጥላል። ገንዘብ የሚባክነውም፣ ጠብ የሚነሣውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከስሌቱ እንጀምር። ለመቁጠር እንዲመች የአፓርታማው ኪራይ በወር 100፣ የዶርሙ 120 ነው እንበል። ላይ ላዩን አፓርታማው ረከሰ። ነገር ግን የዶርም ውል ብዙ ጊዜ የትምህርት ዘመኑን ብቻ፣ ማለትም 9 ወር ገደማ ይሸፍናል፤ የግል ኪራይ ደግሞ በብዛት የ12 ወር ነው። 120 በ9 ሲባዛ 1,080 ይመጣል፤ 100 በ12 ሲባዛ 1,200። የእረፍቱን ወራት ቤተሰብ ዘንድ የምታሳልፉ ከሆነ፣ ለ9 ወር ኑሮ 1,200 ከፈላችሁ ማለት ነው፤ በወር 133 ገደማ። መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት ገና አልተነሡም። ቤቱ ባዶውን ከሆነ አልጋውና ጠረጴዛውም አለ፤ ስትወጡም የት እንደምታደርሱት ማሰብ ይኖርባችኋል።

ዓመቱን ሙሉ እዚያው ለሚኖር፣ በእረፍትም ለሚሠራ ተማሪ ግን ይኸው ስሌት ይገለበጣል። ዶርሙም ቢሆን የተደበቀ ወጪ አያጣም። የምግብ ክፍያን ከመኝታው ጋር አስገዳጅ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በሳምንት ለ14 ማዕድ ከፍላችሁ ካፌ የምትገኙት 9 ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ገንዘብ ለባዶ ወንበር ሄደ። በሴሚስተሮች መካከል ዶርሙ ይዘጋ እንደሆነም ጠይቁ። ከተዘጋ በእነዚያ ሳምንታት የት ታድራላችሁ? ዕቃችሁስ እዚያው ይቀመጣል ወይስ ይወጣል? ቤተሰቡ ሩቅ ለሆነ ተማሪ ይህ ትልቅ ወጪ ነው።

መንገዱንም በሰዓት ቁጠሩት። ለመሄድ 40 ደቂቃ፣ ለመመለስ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ15 ሳምንት፤ በአንድ ሴሚስተር 100 ሰዓት ነው። ደግሞ ቤቱን እሑድ ረፋድ ላይ ሄዶ አይቶ «ቅርብ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ክፍል በምትገቡበት ሰዓት ሞክሩት፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍም አረጋግጡ።

አሁን ወደ ውሉ። በመካከል ትምህርት ብታቋርጡ፣ ብትታመሙ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብትዛወሩ ምን ይሆናል? የዶርም ውል ብዙ ጊዜ ተማሪነታችሁ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ከመግባታችሁ በፊት ውሉን መሰረዝ ግን ቅጣት ሊኖረው ይችላል፤ ቅጣቱም መግቢያው ቀን በቀረበ ቁጥር ሊጨምር ስለሚችል የመሰረዣ ቀኖቹን ጻፉ። የግል አከራይ ግን ቀሪውን ወር ሊጠይቃችሁ ይችላል። መውጫው ሌላ ተከራይ በቦታችሁ መተካት ነው፤ ለዚያም ብዙ ውሎች የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋሉ። «ችግር የለውም፣ ያኔ እንነጋገራለን» የሚል የቃል ተስፋ ከወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተባለ ቁጠሩት።

ከሁሉም በላይ ሰው የማያነበው አንቀጽ የጋራ ኃላፊነቱ ነው። ሦስት ደባሎች አንድ ውል ላይ ፈረሙ፤ ጠቅላላ ኪራዩ 300 ነው፣ እያንዳንዳቸው 100 ያዋጣሉ። በአራተኛው ወር አንዱ ጥሎ ሄደ። የቀሩት ሁለቱ «እኛ ድርሻችንን ከፍለናል» ይላሉ። ውሉ ግን «ተከራዮች በአንድነትም በተናጠልም ኃላፊ ናቸው» የሚል ከሆነ፣ አከራዩ የጎደለውን 100 ከፈለገው ከአንዳቸው ሊጠይቅ ይችላል። እርስ በርስ የተስማማችሁት አከፋፈል እሱን አያስረውም። ሳሎኑ ውስጥ ደባላችሁ የሰበረው መስኮትም እንዲሁ ቤቱን ስትይዙ ሁላችሁ ለአከራዩ ካስቀመጣችሁት የዋስትና ገንዘብ፣ ከማስያዣው፣ ሊቀነስ ይችላል። (በዶርምም ኮሪደር ላይ የተሰበረ ነገር ሰባሪው ካልታወቀ በጋራ የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው።) መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው፣ በአልጋ ወይም በክፍል የሚፈረም ውል ነው። እንዲህ ያለ ውል በወር ትንሽ ቢወደድም፣ ደባሎቹን በደንብ ለማያውቅ ሰው ጭማሪው የሚያዋጣ ይመስለናል።

ወላጆች፣ ይህኛው እናንተን ይመለከታል። ዋስ ሆናችሁ ስትፈርሙ የምትዋሱት ለልጃችሁ ድርሻ ብቻ ነው ወይስ ለቤቱ ሙሉ ኪራይ? ሁለተኛው ከሆነ፣ አይታችኋቸው ለማታውቋቸው ልጆች ዕዳ ዋስ ሆናችኋል። የዋስትናውን ጣሪያ በቁጥር አስጽፉ፤ ውሉ ሲታደስ ዋስትናው በራሱ እንዳይቀጥልም አብራችሁ አስገቡ።

ማስያዣውን በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የሚማሩበትን አገር ሕግ ማየት ግድ ነው። ለምሳሌ በጀርመን ማስያዣ ከሦስት ወር ንጹሕ ኪራይ (ማሞቂያና ሌሎች ተጨማሪ ወጪዎች ካልታከሉበት ኪራይ) ሊበልጥ አይችልም፤ በእንግሊዝ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ጣሪያው የአምስት ሳምንት ኪራይ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እንደማታውቁ ገምቷል።

ቤት ስታዩ ግድግዳውን አድንቃችሁ አትውጡ። ሻወሩን ክፈቱ፣ ሙቅ ውኃው እስኪመጣ ጠብቁ፣ ከዚያ የማእድ ቤቱን ቧንቧ ከፍታችሁ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፤ የሻወሩ ኃይል ያኔ ከወደቀ ጠዋት ጠዋት ከደባል ጋር ወረፋ ትጋፋላችሁ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ያበጠ እንጨት ካለ ቧንቧው ያፈስ ይሆናል። ወደ ውጭ በሚዞረው ግድግዳ ላይ የተጠጋ ቁም ሣጥን ካለ ከኋላው በስልክ መብራት እዩ። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውኃ ይሆናል፤ ቁም ሣጥኑ ነፋስ ስለሚከለክለው ሻጋታ እዚያ ይጀምራል። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ፍራሹ የቤቱ ከሆነ ስፌቱን ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል። ቤቱ በጋዝ የሚሞቅ ወይም የሚበሰልበት ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን ሳታዩ አትፈርሙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ መርዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ይገድላል።

ከሩቅ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትከራዩ፣ ኪራዩ ከሠፈሩ ሁሉ ወርዶ፣ አከራዩ «አገር ውስጥ የለሁም፣ ገንዘቡን ላኩና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ካለ እዚያው ተዉት። ቤቱን በቀጥታ ቪዲዮ እያዞረ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ፎቶዎቹንም በምስል ፍለጋ አጣሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ማስታወቂያ የተወሰዱ ሆነው ይገኛሉ።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ ካላችሁን፣ ከተማውን ለማያውቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዶርም ይሻላል እንላለን። ከደባሉ ጋር ያልተስማማ ተማሪ ክፍል ለመቀየር የሚያመለክትበት ቢሮ አለ፤ አፓርታማ ውስጥ አብሮ የፈረመን ሰው ማስወጣት ግን በእጃችሁ አይደለም። ከሁለተኛ ዓመት ወዲያ፣ ደባሎቻችሁን ስታውቁና ዕቅዳችሁ ሲረጋ፣ ከግቢ ውጭ መውጣት ትርጉም ይኖረዋል። ማታ የሚሠራ፣ ቤተሰብ ያለው፣ በሐኪም ትእዛዝ የራሱን ምግብ ማብሰል ያለበት ተማሪ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዶርም ላይመቸው ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከዶርም የወጣ ተማሪ ቢመለስ ቦታ ያገኛል ወይ? ነባር ነዋሪ ቅድሚያ በሚያገኝበት ግቢ በሩ ከኋላችሁ ሊዘጋ ይችላል።

ቁልፍ በተረከባችሁ ቀን፣ ዕቃ ሳታስገቡ፣ እያንዳንዱን ክፍልና የቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑ እንዲመዘገብ ለአከራዩ በኢሜይል ላኩት። ስትወጡም ያንኑ ድገሙ፤ ቁልፍ ስትመልሱ ደረሰኝ ያዙ። በስማችሁ የተከፈተ የመብራት ሒሳብ ካለ ሳታዘጉት አትሂዱ።

ረቂቅ ውል ይዛችሁ የመጣችሁ አውጡት። በማቋረጫው አንቀጽ እንጀምር፤ ጥያቄም እየጠየቃችሁ።